ለእማዬ የተነሳው ጉባኤ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽን እንዴት አደረገሽ? ባለቤትሽስ፣ ያቺን ጎማዋ የፈነዳ ብስክሌት ጠገናት ወይስ ዛሬም ግድግዳ አስደግፎ ነገ ነገ እያላት ነው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ልጆቹም እርስ በርስ ከመጣላት በቀር ሌላ ሕመም የለባቸውም። እማዬ ደግሞ ከሁላችንም ይበልጥ ደህና ናት። ይህን ለወጉ ያህል የጻፍኩት እንዳይመስልሽ፤ የእማዬ ደህንነት በዚህ ሳምንት ከተማውን ሙሉ ሲያተራምስ ነው የሰነበተው።

ለምን በስልክ አልነገርከኝም እንደምትይ አውቃለሁ። ከንቲባ ከሆንኩ ወዲህ ስልኬ የእኔ መሆኑ ቀርቷል። እንዴት ነሽ ብዬሽ መልስሽን ሳልሰማ ቧንቧ ፈነዳ የሚል ይደውላል፤ እሱን ስጨርስ መብራት ጠፋ የሚል ይከተላል። መብራት የእኔ ሥራ አይደለም ብዬ ብምል ብገዘት የሚያምነኝ የለም። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ስልኩን ትራስ ሥር ቀብሬ፣ ልብስ ከተሰጣበት በረንዳ ላይ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። የአንዱ ልጄ ሱሪ ውሃው ወረቀቱ ላይ ጠብ ጠብ ስላለ ፊደሉ ቢፈስብሽ አትቀየሚኝ።

ሰኞ ጠዋት ገና ወንበሬ ላይ ሳልደላደል ሁለት ጎረቤታሞች ተካሰው ገቡ። ከሳሿ የጎረቤቴ አውራ ዶሮ ሰዓቱን አያውቅም፣ ሳይነጋ እየጮኸ ቤተሰቤን እንቅልፍ ነሳ አለች። ተከሳሹ ደግሞ ዶሮውን ታቅፎት መጥቷል። እስቲ ይህ ፍጡር ረባሽ ይመስላል ወይ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አቆመልኝ። ዶሮው እንደ ተማረ ሰው ረጋ ብሎ ወረቀቶቼን ይመለከታል፤ ጩኸት የሚባል ነገር የለም። ጸሐፊዬ ሳቋን መያዝ ቢያቅታት ፋይል ላምጣ ብላ ወጣች፤ በዚያው ቀረች። እኔም ኮስተር ብዬ ጉዳዩን እናጣራለን አልኩ። የከንቲባ ዋናው ሙያ ይቺን ቃል ሳይስቁ መናገር ነው። ሰዎቹ ተያይዘው ከወጡ በኋላ ዶሮው ኮሪደሩ ላይ ደርሶ ሕንፃው እስኪነቃነቅ ጮኸ።

የሳምንቱ ዋና ጉዳይ ግን ሌላ ነበር። ከማዘጋጃ ቤቱ ጀርባ ያለችውን፣ እማዬ ዕድሜዋን የጨረሰችባትን የማዋለጃ ክፍል ታስታውሻለሽ፤ እንዴትስ ትረሻታለሽ። እማዬ ጡረታ ወጥታ፣ ጣሪያውም አፍስሶ ከተዘጋች ወዲህ የተሰበረ ወንበርና ያረጀ መፈክር ማጎሪያ ሆና ነው የቆየችው። ባለፈው ወር ጤና ቢሮው ክፍሏን ለማደስ ከወሰናችሁ አዋላጅ እንመድብላችኋለን፣ ውሳኔያችሁን ግን እስከዚህ ሳምንት መጨረሻ አሳውቁን፣ አለዚያ አዋላጇን ለሌላ ከተማ እንሰጣለን ብሎን ነበር። ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? ከምክር ቤታችን አባላት ከግማሽ የሚበልጡት ግን ክፍሏ የእንግዳ መቀበያ እንድትሆን ይፈልጋሉ። አንድ ትልቅ ሹም ሊጎበኘን መጥቶ የተቀመጠበት ወንበር እግሩ ተሰብሮ በጀርባው ዘጭ ብሏል። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዎቻችን ይህ ከተማ ያላለፈለት ሶፋ ስለሌለው ነው ብለው ደምድመዋል።

የሐሳቡ ጠንሳሽ የሕንፃ መሣሪያ ነጋዴው ነው፤ ያ ከእኔ ጋር አንድ ክፍል የተማረው፣ ቤታችን እየመጣ የእማዬን ስኳር የሚልሰው። አሁን ስሙ ግማሽ እጅ ሆኗል። ስሙን ያወጣንለት ድምፅ አሰጣጡን አይተን ነው። እጅ አውጡ ሲባል እጁን እስከ ጆሮው ድረስ ብቻ ያነሳል። ውሳኔው ካማረ ደግፌ ነበር ይላል፤ ካላማረ ጆሮዬን በልቶኝ ነው ይላል። በእሱ ጦስ ባለፈው ዓመት እጅ ማውጣት ቀርቶ የሚደግፍ ከወንበሩ ይነሳ የሚል ደንብ አወጣን። እጅን መካድ ይቻላል፣ ቆሞ መታየትን ግን ማን ይክዳል ብለን ነበር።

እኔ ደግሞ ድምፅ የለኝም። ከንቲባው የሚወስነው ድምፁ እኩል ለእኩል ከተከፈለ ብቻ ነው። አባላቱን አንድ በአንድ ሳነጋግር ሁሉም እናታችንን እንዴት እንደሚያከብሯት ይነግሩኝና ወዲያው ስለ ምንጣፉ ቀለም ይጀምራሉ። እማዬ ራት ላይ ዛሬ ስንት ሰው ያዝክ ትለኛለች። ጥቂት ስላት ታዲያ ያንተ ከንቲባነት ለምኔ ነው ብላ ሳህኔን ታነሳለች፤ እኔ ገና እየበላሁ ነው። እስቲ አንቺ ራስሽ ሄደሽ አነጋግሪያቸው ብላት፣ እኔ እነዚህን ልጆች ራቁታቸውን ተቀብዬ ዛሬ ልለምናቸው ወይ ብላ ተቆጣች።

ማክሰኞ የአውቶቡስ መናኸሪያውን የሕዝብ መጸዳጃ ቤት መረቅን። አትሳቂ። ሪባን ታሰረ፣ የተማሪዎቹ ባንድ ተሰለፈ፣ መቀስ ከልብስ ሰፊው ተዋስን። ልብስ ሰፊው መቀሴ ለጨርቅ እንጂ ለሹመት አልተሠራም እያለ መቀሱን ተከትሎ መጥቶ ከጎኔ ቆመ። ሪባኑ አልቆረጥ አለ። ገዘገዝኩት፣ አሁንም እምቢ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው ትዕግሥቱ አልቆ መቀሱን ከእጄ ነጠቀና በአንድ ጊዜ ቀጨው። በሕጉ ከሄድን መርቆ የከፈተው እሱ ነው። አበቃ ብዬ ዞር ስል ሰዉ ሁሉ ቆሞ ያየኛል። ለካ አስተባባሪው ፕሮግራሙ ላይ ክቡር ከንቲባው አገልግሎቱን ያስጀምራሉ ብሎ ጽፎልኛል! ምን ላድርግ፣ ገባሁ። በሩን ዘግቼ ትንሽ ቆሜ፣ ውሃ ለቅቄ፣ እጄን ታጥቤ ስወጣ ባንዱ መታ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ቤት ደርሶ ኖሮ እማዬ ምን አለች መሰለሽ፤ ለዚህ ነገር መጀመሪያ ያጨበጨብኩልህ እኔ ነኝ፣ ያኔ ፖፖ ላይ ነበርክ አለችኝ። ልጆቼ ከሳቃቸው ብዛት ራታቸውን አልጨረሱም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የምክር ቤቱ ቡድን ከሾፌሮቹ ቡድን ጋር ኳስ ተጫወተ። እኔ በረኛ ነኝ፤ ሌላ ቦታ ብሰለፍ መሮጥ ሊመጣ ነው። ግማሽ እጅ ተከላካይ ስለሆነ አጠገቤ ቆሟል፤ ጥሩ አጋጣሚ ነው ብዬ ነገሩን አነሳሁበት። እኔ ስለ ክፍሏ ሳስረዳው እሱም አንገቱን እየነቀነቀ ሲሰማኝ፣ ኳሷ በእግሮቼ መካከል ሾልካ ገባች። ሾፌሮቹ ክላክስ እያስጮሁ ጨፈሩ። ግማሽ እጅ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ንግግሩን ቀጠለ። ሴቶቹ ወደ ትልቁ ከተማ መሄድ ለምደውታል፣ መንገዱ መጥፎ ነው እንጂ ይደረሳል አለኝ።

ይደረሳል አለኝ። እህቴ፣ ያን ቀን ምጥ ይዞሽ በዚያ መንገድ ስንወስድሽ መኪናውን የምነዳው እኔ ነበርኩ፤ ከኋላ እማዬ አንቺን ታቅፋለች። በእማዬ እጅ ላይ ይህ ከተማ ሙሉ አልቅሷል፤ ያንቺ ልጅ ብቻ ሳያለቅስ ቀረ። ይህን በመካከላችን አንስተነው አናውቅም፤ ዛሬም በማንሳቴ ይቅር በይኝ። ነገር ግን ማወቅ ያለብሽ አንድ ነገር አለ። ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ በማዘጋጃ ቤቱ በር አልፋ አታውቅም። ገበያ ስትሄድ እንኳ በወፍጮ ቤቱ በኩል ዞራ ነው። እኔ ስሾም ዘመድ አዝማድ ሁሉ ቢሮህን እንይ ሲል እሷ አንድ ቀን ልየው ብላ አታውቅም፤ እኔም ምክንያቱን ስለማውቅ ነይ ብያት አላውቅም።

ሐሙስ ጉባኤው ተሰበሰበ። ሰብሳቢያችን ያ የድሮው የሒሳብ አስተማሪያችን ነው፤ ዛሬም ሳወራ ጠመኔ የሚወረውርብኝ ይመስለኛል። ቃለ ጉባኤውን ማንንም ስለማያምን ራሱ ነው የሚይዘው። መጀመሪያ ስለ ቆሻሻ መኪናው ተነጋገርን፣ ቀጥሎ ስለ ገበያው አጥር። የእኛ አጀንዳ ሊደርስ ሲል መነጽሬን ብፈልግ የለም። ወጣ ብዬ ቤት ደወልኩና ጉዳያችን ሊታይ ነው፣ መነጽሬን በሰው ላኩልኝ አልኩ። በሰው ላኩልኝ ነው ያልኩት። መነጽሩ በኋላ ከኮቴ የውስጥ ኪስ ተገኘ፤ ብታምኚኝም ባታምኚኝም የራስሽ ጉዳይ ነው።

ግማሽ እጅ ተነስቶ ረዘም ያለ ንግግር አደረገ። ሶፋው፣ መጋረጃው፣ ምንጣፉ፣ ከበሩ ላይ ደግሞ የከንቲባው ስም የተቀረጸበት እብነ በረድ። ስሜን ሲጠራ ወደ እኔ እያየ ፈገግ አለ። አልዋሽሽም፣ እብነ በረዱ ለአፍታ ዓይኔ ላይ ውል ብሎብኛል። እኔም በተራዬ ተናገርኩ፤ ግን የተዘጋጀሁበት ሁሉ ጠፍቶብኝ፣ የጤና ቢሮውን መልእክት ብቻ ተናግሬ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው አንገቱን ቃለ ጉባኤው ላይ እንደደፋ፣ እንግዲህ ክፍሉ ማዋለጃ ሆኖ ይታደስ የምትሉ ተነሱ አለ። የትምህርት ቤቷ ርዕሰ መምህርት ተነሳች። ዳቦ ጋጋሪው ተነሳ። ሌላ ማንም የለም።

ያኔ በሩ ተከፈተና እማዬ ሻርፗን ጣል አድርጋ ገባች።

እዚያ ከነበረው ሰው ግማሹን በእጇ ያዋለደች ሴት ናት፤ ያላዋለደቻቸውንም ልጆቻቸውን አዋልዳለች። አዳራሹ በሙሉ ኖር ብሎ ብድግ አለ። ሰብሳቢው የወንበሩን ኳኳታ ሰምቶ ቀና ቢል ሁሉም ቆሟል። ዓይኑን ማመን አቅቶት በመነጽሩ በላይም በታችም አየና በሙሉ ድምፅ ጸደቀ ብሎ ጻፈ። እማዬን ያያት ከዚያ በኋላ ነው፤ ወዲያው እሱም ብዕሩን ጥሎ ኖር ብሎ ተነሳ። እሷም በእግዜር፣ ተቀመጡ ልጆቼ አለች፤ ግን እሷ ቆማለችና ማን ደፍሮ ይቀመጣል።

መጀመሪያ የነቃው ግማሽ እጅ ነው። ክቡር ሰብሳቢ፣ እኛ የተነሳነው ለእትዬ እንጂ ለክፍሉ አይደለም አለ። እውነቱን ነው። ሰብሳቢው የጻፈውን ሰረዘ። መልካም፣ ለእንግዳችን ክብር የተነሳችሁ ተቀመጡ፤ ክፍሉን የምትደግፉ እንደቆማችሁ ቆዩ አለ።

ጉዱ የፈላው እዚህ ላይ ነው። ርዕሰ መምህርቷ ወንበር ብትስብላት እማዬ ጉልበቴ አይታጠፍም፣ ቆሜ ይሻለኛል አለች። ያ ጉልበት ጠዋት ጠዋት አልጋ ሥር ገብቶ የልጆቼን ካልሲ የሚፈልግ ጉልበት ነው። ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። አሁን የሚቀመጥ ሰው፣ አዋላጁ ፊት ለፊቱ ቆማ እያየችው፣ የተወለድኩባት ክፍል ትቅር ማለቱ ነው። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ግማሽ እጅ ብቻ ሞከረ። ጉልበቱን አጠፍ አደረገ፣ ዝቅ አለ፣ ወንበሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ዓይኑ ከዓይኗ ተገጣጠመ። እዚያው አየር ላይ ቀረ። ወደ ታች አይወርድ፣ ወደ ላይ አይወጣ፤ እግሩ ይንቀጠቀጣል፣ ላቡ በግንባሩ ይወርዳል። አዳራሹ ሳቁንም ትንፋሹንም ውጦ ያየዋል። በመጨረሻ እንደምንም ቀና አለና ምንም እንዳልሆነ ሰው ኮቱን አራገፈ። ሰብሳቢው ቆጠረ፣ ደግሞ ቆጠረና በሙሉ ድምፅ ብሎ እንደገና ጻፈ። ያኔ እማዬ እግዜር ይስጥልኝ ልጆቼ ብላ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች። ጉልበቷም ታጠፈ።

ይህ አሠራር ትክክል ነው ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፤ ደንባችን የሚለው የቆመ ደግፏል ነው፣ ሁሉም ደግሞ ቆመዋል። ስብሰባው ሲበተን እማዬ እስቲ ቢሮህን አሳየኝ አለችኝ። ወሰድኳት። ወንበሬን በእጇ ነቅነቅ አድርጋ እግሩን ፈተሸች፣ የመስኮቱን አቧራ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችና ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። መስኮቱ የሚያሳየው ያቺን ክፍል ነው። ውሃ ልስጥሽ አልኳት፤ ሳትዞር ስጠኝ አለች።

ዓርብ ጠዋት ውሳኔውን ማኅተም መትቼ ላክሁ፤ ጤና ቢሮውም ደርሶናል፣ አዋላጇ የእናንተ ናት ብሎ መለሰ። ከሰዓት በኋላ ግማሽ እጅ ፊቱን ከስክሶ ቤታችን መጣ። እትዬ በሰው ፊት አዋረዱኝ፣ አሁን ሱቄ የሚመጣው ሁሉ ወንበር ይፈልጋሉ ወይ እያለ ይስቅብኛል አላት። እማዬም ምን አዲስ ነገር አለው፣ ስትወለድም ግማሽ መንገድ ላይ ቆመህ እናትህን ቀኑን ሙሉ ያስጨነቅክ አንተ ነህ አለችው። መጀመሪያ አኮረፈ፣ ቀጥሎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ሲወጣ የክፍሏን በርና መስኮት እኔ እችላለሁ ብሎ ቃል ገብቶ ሄደ። የድሮ ስኳር ላሹ ልጅ እዚያው ውስጥ አለ።

ትናንት እማዬ ግንበኛውን ይዛ ክፍሏን ዞረች። አልጋው እዚህ ይሁን፣ እጅ መታጠቢያው ከዚህ ይነሳ፣ ይህ መስኮት ብርድ ያስገባል እያለች ስታዝዘው ግንበኛው ከንቲባው ማን እንደሆነ የገባው ይመስለኛል። መቼ ትጨርሳለህ አለችው። ክረምቱ ሳይገባ አላት። እማዬ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። ቆጥራ ስትጨርስ ጥሩ ነው፣ ጊዜ አለን አለች። ለምኑ ጊዜ እንዳለን አልነገረችንም።

ግን ካነሳሁት አይቀር፣ ባለፈው እሑድ አንቺና እሷ በስልክ ስታወሩ አጠገቧ ተቀምጬ ጫማዬን እየጠረግሁ ነበር። የሰማሁት የእሷን ብቻ ነው። ከመቼ ጀምሮ አለች። ቀጥላ ባልዲ እንዳታነሺ፣ ባልሽ ያንሳ፣ እጁ አልተቆረጠ አለች። ስልኩን ከዘጋች በኋላ ጓሮ ሄዳ ፊቷን ታጥባ ተመለሰችና ያቺ ክፍል በዚህ ሳምንት ካልተወሰነላት ልጄ ነኝ እንዳትለኝ አለችኝ። ምን ተፈጠረ ብላት ጫማህን ጥረግ አለችኝ።

አንቺ አልነገርሽኝም፣ እኔም አላውቅም። አንድ ነገር ብቻ አደራ ተብያለሁ። ትናንት ግንበኛው ግድግዳው ምን ቀለም ይቀባ ብሎ ሲጠይቃት እማዬ ልጄ ትምረጥ፣ ጻፍላት አለችኝ። የሕዝብ ክፍል እኮ ነው፣ ቀለሙ በምክር ቤት ነው የሚወሰን ብላት፣ አንተ ዝም ብለህ ጻፍ አለችኝ። ስለዚህ ይኸው እየጻፍኩ ነው። ጋደም ብለሽ ቀና ስትይ ዓይንሽ እንዲያርፍበት የምትፈልጊው ምን ዓይነት ቀለም ነው?

መልስሽን አታዘግዪብን። ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ከልቡ እንዲንከባከብሽ እኔ ታላቅሽ አዝዣለሁ በይው። እማዬ ከኩሽና ሆና ጉንጭሽን ትስማለች። ጤናሽ ይብዛ፤ እንቅልፍሽ የሰላም ይሁን፤ አስጀምሮ የሚያስፈጽም አምላክ በደጅሽም በመንገድሽም ይቁምልሽ።

ሁልጊዜም የማይረሳሽ
ታላቅ ወንድምሽ